ከሰሉን ከእማዬ መኝታ ቤት ማስወጣት፦ የጭስ ማውጫ ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 20 ቀን 2017

የደሴ ብርድ ዘንድሮ ቶሎ ገባ። ፀሐይዋ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ ቀኑ ገና አልጨለመም፤ ሰው ግን ጋቢውን ፍለጋ ይጀምራል።

እማዬ ማታ ማታ የከሰል ማንደጃዋን ይዛ መኝታ ቤት ትገባለች። በሩን ትዘጋለች። መስኮቱን ትዘጋለች። በመስኮቱ ስንጥቅ ላይ ደግሞ ጨርቅ ትወትፋለች። እኔ ሌሊት ተነስቼ በሩን እከፍታለሁ። «ብርድ ለቀቅህብኝ» ትላለች፣ ተነስታ ትዘጋዋለች። እንዲህ ስንከፍትና ስንዘጋ ይነጋል።

ከሰል ሲቀጣጠል ጭሱ ይታያል። ፍም ከሆነ በኋላ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም። በየክረምቱ ከሰል አፍነው ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ወሬ እንሰማለን። እማዬም ትሰማለች። «እነሱ ያልቀላ ከሰል አስገብተው ነው» ትላለች። ክርክሩን ትቼ ሌላ ሙቀት መፈለግ ይሻለኛል።

ሳሎናችን ውስጥ የግድግዳ ምድጃ አለ። ቤቱ የድንጋይ ነው፤ ጣሊያን ደሴን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው ይባላል። ምድጃው አፉ በኮምፔንሳቶ ተዘግቶ ስንት ዓመት እንደሆነው የሚያስታውስ የለም። ከፊቱ የረከቦቱ ቦታ ነው። የምድጃው ጀርባ ከእማዬ መኝታ ቤት ጋር የሚጋራ ግድግዳ ነው። እዚያ እሳት ቢነድ ግድግዳው ራሱ ያሞቃታል።

ይኸው ነው ሐሳቡ። በወር እጨርሰዋለሁ ብያለሁ።

ጥቅምት 22

ጣሊያን ላለችው እህቴ ነገርኳት። ወዲያው ቪዲዮ ላከች። እዚያ አገር በድሮ የግድግዳ ምድጃ ውስጥ ልክ እንደ መሳቢያ የሚሰካ የፔሌት ምድጃ አለ። ፔሌት ማለት ተጨምቆ የደረቀ ሰጋቱራ ነው። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ መልኩ የዶሮ መኖ ነው። አንድ ሞተር ጠመዝማዛ ብረት እያዞረ ፔሌቱን ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ማራገቢያው ጭሱን ወደ ቱቦ ይገፋዋል። ጭሱ ስለሚገፋ ቱቦው ቀጭን ቢሆንም ይበቃዋል፤ ብዙ ጊዜ 80 ሚሊ ሜትር ነው።

ያምራል። ለእኛ ግን አይሆንም። አንደኛ፣ ፔሌቱን ከየት አመጣለሁ? ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ሞተሩም ማራገቢያውም ይቆማሉ። ሳህኑ ላይ የቀረው ፔሌት ግን ማጨሱን አይተውም፤ የሚገፋው የለም፣ ስለዚህ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። እኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋው ደግሞ ማታ፣ ልክ ብርዱ ሲጠና ነው።

ከቪዲዮው ግን አንድ ነገር ወሰድኩ። ሰዎቹ የድሮውን ጭስ ማውጫ እንዳለ አልተጠቀሙበትም። ከታች እስከ ጫፍ አዲስ የብረት ቱቦ ዘረጉበት። «ድሮም ጭስ ያወጣ የነበረውን ለምን?» ብዬ ጠየቅኳት። አላወቀችውም። ማታ እኔው ሳነብ አመሸሁ።

ጥቅምት 27

ዛሬ ልኬት። የምድጃው አፍ ወርዱ 80 ሴንቲ፣ ከፍታው 75፣ ጥልቀቱ 50። የጭስ ማውጫው ውስጡ ከላይ ሲለካ 35 በ40 ሴንቲ ነው። ከወለሉ እስከ ጫፉ 5 ሜትር ከ20።

አዲስ ቱቦ ለምን ይዘረጋል የሚለው ጥያቄዬ እዚህ መልስ አገኘ። 35 በ40 ማለት 1,400 ካሬ ሴንቲ ነው። 15 ሴንቲ ስፋት ያለው ክብ ቱቦ ደግሞ 177 ገደማ ብቻ። ስምንት እጥፍ ይለያያሉ። ክፍት እሳት ያን ሁሉ ቦታ ይሞላል፤ ከሙቀቱም አብዛኛውን ይዞ ወደ ሰማይ ይወጣል። እኔ ውስጡ ላስገባ ያሰብኩት የተዘጋ የብረት ሳጥን ምድጃ የሚያወጣው ጭስ ግን ጥቂት ነው። ጥቂት ጭስ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ይቀዘቅዛል። ጭስን ወደ ላይ የሚወስደው ሙቀቱ ነው፤ ከቀዘቀዘ ይሰንፋል፣ ሬንጅ ሆኖ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ጠባቡ ቱቦ እንደሞቀ ይዞት ይወጣል።

በዚህ ላይ የእኛ ከፍታ አለ። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃ እንኳ እኛ ጋ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አየሩ ሲሳሳ የጭስ ማውጫ ስበትም በዚያው ልክ ይደክማል። ስለዚህ ቱቦው ቁመት መጨመር አለበት እንጂ መቀነስ የለበትም።

ቀጥሎ ስልኬን ገመድ ላይ አስሬ፣ መብራቱን አብርቼ፣ እየቀረጸ ከላይ ወደ ታች አወረድኩት። እማዬ ከታች ሆና «ስልክህን ለማን ነው የምትልከው?» ትላለች። ቪዲዮው ሲሽከረከር ያዞራል። የቁራ ጎጆ አየሁ። ጥላሸት አየሁ። ሦስተኛው ላይ ትንፋሼ ቆመ፦ ኮርኒሱን የተሸከመው ሞራሌ ጫፉ የጭስ ማውጫውን ግድግዳ አልፎ ውስጥ ገብቷል። ጫፉ ከሰል ሆኗል።

የሠራው ሰው ሞራሌውን የሚያሳርፍበት አጥቶ ይሆናል። እንጨት ለዓመታት ቀስ በቀስ ሲጠበስ ካልተጠበሰ እንጨት ባነሰ ሙቀት ይቀጣጠላል። ይህ ምድጃ የተዘጋው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ጥቅምት 30

መጥረግ። የእሾህ እስር፣ መሐሉ ላይ ድንጋይ፣ ላይና ታች ገመድ። አንዱ ከጣራ ይስባል፣ አንዱ ከታች። የምድጃውን አፍ በእርጥብ ማዳበሪያ ጆንያ ዘጋሁት። ጥላሸቱ ግን ከጆንያ የበለጠ ብልህ ነው። የእማዬ ነጭ መጋረጃ አሁን ነጭ አይደለም። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሁለት ጆንያ ተኩል ጥላሸትና ጭራሮ ወጣ።

ኅዳር 3

ግንበኛው መጣ። ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸው ግን ከእኔ ይፈጥናል። ሞራሌውን አሳየኋቸው። ስልኩን ተቀብለው ደጋግመው አዩና «ልጄ፣ ይህ ቤት እስካሁን በእግዜር ጥበቃ ነው የቆመው» አሉኝ።

ሥራው እንዲህ ሆነ። ሞራሌውን ከኮርኒሱ በላይ ከጭስ ማውጫው ውጭ 10 ሴንቲ ራቅ አድርገው ቆረጡት። የተቆረጠውን ጫፍ ግድግዳ ላይ በታሰረ የብረት ድጋፍ አሳረፉት። ቀዳዳውን በሸክላ ጡብ ደፈኑት። እኔ ሲሚንቶ አዘጋጅቼ ነበር። «ለእሳት ሲሚንቶ አይሆንም፣ ይሰነጠቃል» ብለው መለሱት። ኖራና አሸዋ አስመጡ። ኖራ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከድንጋዩ ጋር ይለምዳል አሉኝ። ሌሎች ስንጥቆችንም በዚያው መረጉ።

እጃቸውን ሲታጠቡ «ጋሼ፣ ጉዳቱን ስንት ልበል?» አልኳቸው። «መጀመሪያ ቡና» አሉ።

ኅዳር 6

ምንም አልተሠራም። ለቅሶ ነበር።

ኅዳር 12

የኖራው መድረቅ ይበቃዋል ብዬ ዛሬ የጭስ ፍተሻ ያዝኩ። አሠራሩ ቀላል ነው። ታች እርጥብ ሣር ታጨሳለህ። ላይ አፉን በእርጥብ ጆንያ ትከድናለህ። ጭሱ መውጫ ሲያጣ ስንጥቅ ካለ በዚያ ይወጣል። አንተ ኮርኒስ ላይ ወጥተህ በባትሪ ትፈልጋለህ።

ቀኑን ግን አላሰብኩበትም። ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን! ጎረቤቱ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ በራፉ ላይ እያቃጠለ ነው። በ1911 በኅዳር በሽታ ጊዜ የጀመረ ልማድ ነው ይላሉ፤ ጭሱ በሽታውን ያባርረዋል ተብሎ። ኮርኒሱ ላይ ጭስ አየሁና ልቤ ወደቀ። ግማሽ ሰዓት ግድግዳውን ስዳብስ ቆየሁ። ኋላ ላይ ጭሱ በጣራው ቆርቆሮ ክፍተት ከውጭ የገባ የሰፈሩ ጭስ መሆኑ ገባኝ።

ኅዳር 13

ደገምኩት። ዛሬ አየሩ ንጹሕ ነው። አንድ ቦታ፣ ከጣራው በታች ጣት የምታስገባ ስንጥቅ ተገኘች። በኖራ መረግኳት። ሞራሌው የነበረበት ቦታ ምንም አያሳልፍም።

ኅዳር 17

ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ደሴም ብየዳ ቤት ሞልቷል። ግን ኮምቦልቻ የሚሠራ የልጅነት ጓደኛ አለኝ፤ የከባድ መኪና ማርሚታ ሲሠራ ነው የኖረው። ክብ ቱቦና ትኩስ ጭስ ለእርሱ የዕለት እንጀራው ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ጃኬትህን ታወልቃለህ። እርሱ በካናቴራ ነው የሚሠራው። «እናንተ ደሴዎች ግን ለምን እዚያ ላይ ትኖራላችሁ?» አለኝ።

በጠመኔ ወለሉ ላይ ሥዕል ሳልን። ሳጥኑ ወርዱ 60 ሴንቲ፣ ቁመቱ 50፣ ጥልቀቱ 40። ላሜራው 4 ሚሊ። የውስጥ ጎንና ወለሉ ጡብ ይለብሳል፤ ብረቱ በቀጥታ ከነበልባሉ ጋር ከተያያዘ ይጣመማል። በሩ ላይ አየር ማስገቢያ ተንሸራታች መዝጊያ ይኖራል። መስታወት አልፈለግኩም። ተራ መስታወት ሙቀት አይችልም፣ የሚችለውን ደግሞ ፍለጋ አልዞርም።

ቱቦው ከ2 ሚሊ ጥቁር ላሜራ ነው። 15 ሴንቲ ስፋት ያለው ቱቦ ዙሪያው 47 ሴንቲ ከምናምን ነው። ከአንድ 1 በ2 ሜትር ላሜራ አራት ባለ አንድ ሜትር ቱቦ ይወጣል። እኔ የምፈልገው ስድስት ነው፤ ሁለት ላሜራ ገዛን፣ ሁለት ትርፍ ይኖረኛል። ዋጋውን አልጽፈውም። እስክታነቡት ድረስ ተለውጦ ይጠብቃችኋል።

ሁለት ነገር ላይ ተጨቃጨቅን።

አጠገቡ ያለው ቆርቆሮ ሠሪ «የአሸንዳ ቱቦ ተዘጋጅቶ አለልህ፣ ምን ያደክምሃል?» አለኝ። የአሸንዳ ቱቦ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ነው። ዚንክ 420 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ከምድጃው አፍ አጠገብ ያለው ቱቦ እሳቱ ሲበረታ እዚያ ሊደርስ ይችላል። የዚንክ ጭስ ደግሞ ሰውን ያንቀጠቅጣል፤ ጓደኛዬ ራሱ አንድ ቀን ጋልቫናይዝድ ሲበይድ ውሎ ማታ እንደ ወባ ያንዘፈዘፈው ጊዜ አለ። ስለዚህ እርሱ ከእኔ ጎን ቆመ።

ሁለተኛው ላይ ግን ከራሱ ጋር ነው። ለበሩ ማሸጊያ ከአሮጌ ዕቃ መሐል ነጭ ገመድ አወጣ። አስቤስቶስ ነው። «እሳት ቢበላው ከምላሴ ፀጉር!» አለ። እሳትስ አይበላውም። ብናኙ ግን ሳንባ ይበላል። «ወንድምዋ፣ እኔ በዚህ ስንት ዓመት ሠርቻለሁ» አለኝ። እኔም «ለዚህ ነው የምነግርህ» አልኩት። ዝም አለ። ገመዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ወዲያ አስቀመጠው። የበሩን ከንፈር በግራይንደር ልክ ለልክ አድርጎ ብረት በብረት ሊገጥመው ተስማማን። ብዙ ይፈጃል፤ ግን ይሆናል።

ኅዳር 28

ሳጥኑ አልቋል። ግቢው ውስጥ ሁለት ቱቦ ሰክተን መጀመሪያ እዚያ አነደድነው። አዲስ ላሜራ ላይ የፋብሪካ ዘይት አለ፤ መጀመሪያ ሲሞቅ ይጤሳል፣ ዓይን ያቃጥላል። ይህ ቤት ውስጥ እንዲሆን አልፈለግኩም። ሰዓት ተኩል ካነደድነው በኋላ ጭሱ ጠራ። አንዱ ጎኑ ትንሽ ጎበጥ ብሏል። ከውስጥ አንድ የብረት ድጋፍ በየደበት።

ምድጃው ያለ ጡቡ 50 ኪሎ ገደማ ነው። አይሱዙ ላይ ከሽንኩርት ጋር ተጭኖ ደሴ ገባ።

ኅዳር 29

እሁድ ነው። የሰፈር ልጆች መጡ። ስድስቱ ቱቦዎች ተደምረው 44 ኪሎ ይሆናሉ። ከጣራ ላይ አንድ በአንድ እየሰካን፣ በሦስት በሦስት ቪቴ እያሰርን፣ በገመድ እያወረድን ልንሄድ ነው።

ሁለተኛውን ስንሰካ አንዱ ልጅ ቱቦውን ገለበጠው። «ጭሱ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ጠባቡ አፍ ወደ ላይ መሆን አለበት» አለ። ትክክል ይመስላል፣ አይደል? ለጭሱ እውነት ነው። ነገር ግን ጭሱ ሲቀዘቅዝ ሬንጅ የመሰለ ፈሳሽ ይተዋል፤ እርሱ ደግሞ የሚሄደው ወደ ታች ነው። ጠባቡ አፍ ወደ ላይ ከሆነ ፈሳሹ በየመገጣጠሚያው ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። ጠባቡ ወደ ታች ሲሆን ግን ውስጥ ለውስጥ ወርዶ እሳቱ ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል። «እንደ አሸንዳ አስበው» አልኩት። ገባው።

አራት ቱቦ ወረደ። አምስተኛውን ሰክተን ለቀቅ ስናደርግ ቆመ። አንቀሳቀስነው፤ እምቢ አለ። አወጣነው፣ መለስነው፤ እምቢ። ከታች እጄን አስገብቼ ስዳብስ ነገሩ ተገለጠ። ጭስ ማውጫው ከምድጃው በላይ ማነቆ አለው። ወደ ፊት ጠበብ ብሎ ይወጣና ከጀርባው የድንጋይ እርከን አለ። የድሮ ሰዎች ሆን ብለው ነው የሚሠሩት፤ ከላይ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር እዚያ እርከን ላይ ተመትቶ ይመለስ ተብሎ። እኔ ከላይ ለካሁ። ከታች ለካሁ። መሐሉን አልለካሁም።

44 ኪሎ ብረት ጣራ ላይ በገመድ ታስሮ አደረ። ልጆቹ እንጀራ በልተው ሄዱ። እማዬ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ማንደጃዋን ይዛ ገባች።

ታኅሣሥ 2

ግንበኛው ጋሼ ተመለሱ። ሁለት ምርጫ ነበረኝ። አንዱ ቱቦውን በሁለት ክርን አጣምሞ በማነቆው ማሳለፍ ነው። ግን እያንዳንዱ ክርን ስበት ይቀንሳል፣ ጥላሸትም የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ሁለተኛው እርከኑን ማንሳት ነው። እርከኑን መረጥኩ። ጋሼ በፑንታና መዶሻ 12 ሴንቲ ያህል ፈለፈሉለት። የፊቱን ደፍ ግን እንዳይነካ አስጠነቀቁኝ፤ ከላይ ያለውን ድንጋይ ሁሉ የተሸከመው እርሱ ነው።

ከሰዓት ቱቦው ሰተት ብሎ ወረደ። ቱንቢ ጣልንበት። ቀጥ ብሏል።

ጣራው ላይ ደግሞ እንዲህ ነው። የቤቱ ጣራ ጫፍ ከጭስ ማውጫው 2 ሜትር ይርቃል፣ ከእርሱም በ30 ሴንቲ ይበልጣል። ልማዱ የጭስ ማውጫ አፍ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ነገር ሁሉ ቢያንስ 60 ሴንቲ መብለጥ አለበት ነው። አለበለዚያ ነፋስ ጣራውን ተሻግሮ ሲወርድ ጭሱን መልሶ ይደፍቀዋል። 30 እና 60፣ 90 ሴንቲ ከድንጋዩ በላይ አስወጣሁት። በሦስት ሽቦ ወጠርኩት።

ታኅሣሥ 3

ሁለት ክዳን። አንዱ ከላይ፦ ቱቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ላሜራ፣ ዝናብም ቁራም እንዳይገባ። አንዱ ከታች፣ ከምድጃው በላይ ማነቆው ላይ። ይህ የታችኛው ትንሽ ነገር ይመስላል። ባይኖር ግን ምድጃው የሚሰጠው ሙቀት በቱቦው ዙሪያ ባለው ባዶ ቦታ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ጭስ ማውጫውን እያሞቅኩ እማዬ ትበርዳለች። በላዩ ላይ ከተጣለ የዳቦ ቤት ምድጃ የወጣ ሙቀት የማያሳልፍ የድንጋይ ጥጥ ጎዘጎዝኩ። እጅጌ ረጅም ልበሱ፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ። እኔ አልሸፈንኩም፤ እስከ ማታ ስፎክት ነበር።

መገጣጠሚያዎቹን በምን ልምረግ ስል እማዬ «የሸክላ አፈር፣ የተነፋ አመድ፣ ጨው» አለችኝ። እርሷ የእንጀራ ምድጃ ስትመርግ የኖረችበት ነው። ኮምቦልቻ ደወልኩ። «ጨዉን ተወው፣ ብረት ይበላል» አለኝ። ያለ ጨው ለቀለቅኩት።

ታኅሣሥ 6

የመጀመሪያው እሳት። ክብሪት ጫርኩ። በሩን ዘጋሁ። ጭሱ ሁሉ በአየር ማስገቢያው ወደ ሳሎን መጣ።

አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ሲሆን የሠራኸውን ሁሉ ትጠራጠራለህ። መስኮት ከፈትን። እማዬ እያሳለች «ጭሱንስ አገኘነው» አለች።

ሻይ ጠጥቼ አሰብኩበት። ምሽት ነው። ቱቦው ውስጥ 5 ሜትር ተኩል ቀዝቃዛ አየር ቆሟል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ቡሽ ይወትፋል። ትንሽ ጭስ አያነሳውም። ጋዜጣ ጨምድጄ በቱቦው አፍ ሥር ብቻውን አነደድኩት። ሌላ ደገምኩ። ድንገት ሑፍ ብሎ ነበልባሉ ወደ ላይ ታጠፈ። ያ ድምፅ! ከዚያ ጭራሮ፣ ከዚያ ፍልጥ። ሁለት ሰዓት ነደደ። አንድም ጭስ አልተመለሰም።

ታኅሣሥ 9

ጥሩ ነደደ ብዬ በሩንም መስኮቱንም ዘግቼ ሞከርኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እሳቱ ደከመ። እሳት አየር ይበላል፣ የበላው አየር ደግሞ መተካት አለበት። የእማዬ ጨርቅ የተወተፈባቸው መስኮቶች አይተኩም። ከምድጃው አቅራቢያ በውጭው ግድግዳ ከወለሉ ከፍ አድርጌ 10 ሴንቲ ቀዳዳ በሳሁ፤ አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ገጠምኩለት። እማዬ ቀዳዳውን በጨርቅ እንዳትወትፈው ተለማመጥኳት። «ቤት ለማሞቅ ግድግዳ ይበሳል እንዴ?» አለች። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እጠይቅ ነበር።

ታኅሣሥ 14

እንጨቱ። ከገበያ የገዛሁት ባሕር ዛፍ ደረቅ ነው ተብሎ ነው። ሲነድ ጫፉ ላይ አረፋ ያወጣል። አንድ ፍልጥ ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩ፦ 1 ኪሎ። እንጀራ ተጋግሮ ባለቀ ቁጥር በምጣዱ ትኩሳት ላይ አሳረፍኩት፤ ሳምንቱን ሙሉ። ዛሬ ክብደቱ አልቀንስ ሲል መዘንኩት። 640 ግራም። ማለትም ከአንድ ኪሎው 360 ግራሙ ውሃ ነበር። ከ20 በመቶ በታች ሲሆን ነው ጥሩ የሚነደው። እኔ ስከፍል የኖርኩት ለውሃ ነው፤ እሳቱም መጀመሪያ የሚሠራው ውሃውን ማትነን ነው። የቀረውን ሁሉ ፈልጬ ከጣራው ጉበን ሥር ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ ደረደርኩ። ለዘንድሮ አይደርስም። ለጊዜው ከአናጢ ቤት የጽድ ቁርጥራጭ እየገዛሁ ነው። ቀለም የተቀባውንና ኮምፔንሳቶውን አልወስድም፤ ሙጫና ቀለም ሲቃጠል መርዝ ነው።

ታኅሣሥ 19

እህቴ በሰው የላከችው መሣሪያ ደረሰ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ነው። ምድጃው እየነደደ ሳሎን አስቀመጥኩት። ዜሮ። በሩ ሥር አስጠጋሁት። ዜሮ።

እማዬ መሣሪያውን ናቀችው። «ምንም አያውቅም» አለች። እሺ ብዬ ማታ ማንደጃዋን እንደ ልማዷ አቀጣጥላ፣ ቀልቶ ፍም ከሆነ በኋላ መኝታ ቤት ስታስገባ መሣሪያውን ኮመዲኖዋ ላይ አደረግኩት። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቁጥሩ 30 አለ። 70። 110። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ታየዋለች። 160 ላይ ሲደርስ ጮኸ። እንዴት ያለ ጩኸት መሰላችሁ! የጎረቤት ውሻ መለሰለት። ማንደጃውን ይዤ ወደ በረንዳ ሮጥኩ፤ እማዬ መስኮቱን ራሷ ከፈተችው። ጨርቁንም ራሷ ነቀለችው።

ከዚያ በኋላ ስለ ከሰል አልተነጋገርንም።

ታኅሣሥ 29

ገና። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሳሎኑ 18 ዲግሪ ነው። ምድጃውን ሳልጀምር በፊት በዚሁ ሰዓት 11 ያሳይ ነበር። የእማዬ ግድግዳ በእጅ ሲነካ ለብ ይላል። ጀርባዋን አስጠግታ ነው የምትተኛው።

ጥር 20 ቀን 2017

ጣራ ላይ ወጥቼ የቱቦውን ቆብ ፈታሁ። የመጀመሪያውን ወር ቆሻሻ ማየት ፈልጌ ነው። ቱቦው ውስጥ አብዛኛው ቡናማ ደረቅ ዱቄት ነው፤ በጥፍር ሲጫር ይረግፋል። ይህ ጤነኛ ነው። ከላይ ግን፣ ከድንጋዩ በላይ ብርድ ላይ የቆመው 90 ሴንቲ ውስጥ፣ መዳፍ የሚያህል ጥቁር የሚያብለጨልጭ ልጣፍ አለ። ያ በታኅሣሥ መጀመሪያ ያነደድኩት እርጥቡ ባሕር ዛፍ ነው። ሲበዛ እርሱ ራሱ ይቀጣጠላል፤ የጭስ ማውጫ እሳት የሚሉት ይህን ነው፣ ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሚደርስ። በካቻቢቴ እየፋቅኩ አወረድኩት። ግማሽ ኩባያ ሆነ። ያ የላይኛው ክፍል ሌላ ቱቦ ደርቦ መሐሉ በድንጋይ ጥጥ ቢሞላ አይቀዘቅዝም። የተረፉት ሁለቱ ቱቦዎች ይጠብባሉ፤ 20 ሴንቲ የሆነ አንድ እንዲሠራልኝ ኮምቦልቻ አዝዣለሁ።

ከጣራ ስወርድ ማንደጃው በረንዳ ላይ ነው። እማዬ ከምድጃው ፍም በመቆስቆሻ እያወጣች ሞልታዋለች፤ ቡና እየቆላች ነው። «ከሰል መግዛት ትቻለሁ» አለችኝ። ቀና ብላ ጣራውን አየችና «ያ ቆብህ ግን ሌሊት ሲነፍስ ይንኳኳል፤ እንቅልፍ ነሳኝ» አለች።

አንዱ ቪቴ ላልቷል። ነገ መሰላሉን ድጋሚ እዋሳለሁ።